ሦስት መድኃኒት በአንዲት እንክብል

ከጉደር አምቦ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሚኒባሱ ሞልቶ ከተነሳ ብዙም አይፈጅበትም። መንገዱ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ የሚያልፈው ዋናው አስፋልት ስለሆነ ቀኑን ሙሉ መኪና አይጠፋበትም። ከሚመላለሱት ተሳፋሪዎች መካከል የት እንደሚሄዱ ሲጠየቁ «ዘመድ ጥየቃ» ብለው የሚያልፉ አሉ። የጉደሩ ሰው የኤች.አይ.ቪ መድኃኒቱን ሊወስድ አምቦ ይሄዳል፤ የአምቦው ደግሞ ለዚያው ጉዳይ ጉደር ይመጣል። ሁለቱም በየከተማቸው ጤና ተቋም አላቸው። በየከተማቸው ግን ጎረቤትም፣ የዕድር ጸሐፊም፣ የባል እህትም አሉ።

ሽንኩርት ነጋዴዋ ከእነዚህ አንዷ ናት። ዕድሜዋ አርባን አልፏል፤ ስሟን አንጽፍም። ከመድኃኒት መስኮቱ ብልቃጧን እንደተቀበለች ክዳኑን ከፍታ ጥጥ ትጠቀጥቅበታለች። «አለዚያ ይንቃጨላል» አለችኝ። «ሚኒባስ ውስጥ ሰው ሁሉ ዞሮ ያያል።» የምትወስጂው መድኃኒት ስሙ ማነው ስላት ሳቀች። «ነጯ ናታ፤ ረዘም የምትለዋ። የድሮዋ ማታ ማታ ታቃዠኝ ነበር፤ ይቺ ሰላም ናት።»

መልሷ ልክ ነው። ያቃዣት የነበረው ኤፋቪረንዝ ነው፤ ከመኝታ በፊት የሚወሰደውም ስለሚያዞርና ቅዠት ስለሚያመጣ ነበር። ሰላም የሰጣት ደግሞ ዶሉተግራቪር ነው። ይሁን እንጂ «ነጯ» የሚለው ስም ከመድኃኒት መስኮቱ አልፎ አይሠራም። ነገ ጨጓራዋን ታማ የግል ክሊኒክ ብትገባ፣ ወይም የሳንባ ነቀርሳ ቢገኝባት፣ ወይም ስኳር ቢጀምራት፣ ሐኪሙ የሚያዝላት ከነጯ ጋር ይስማማ አይስማማ የሚታወቀው በስሟ ነው። ነጭ እንክብል የሌለበት መድኃኒት ቤት የት አለ?

በዚያች እንክብል ውስጥ ያሉት ሦስት መድኃኒቶች ናቸው፦ ቴኖፎቪር 300 ሚሊ ግራም፣ ላሚቩዲን 300 ሚሊ ግራም፣ ዶሉተግራቪር 50 ሚሊ ግራም። ባለሙያዎቹ አሳጥረው ቲ.ኤል.ዲ. ይሏታል። ኢትዮጵያ ውስጥ ዛሬ ሕክምና ለሚጀምር አዋቂ ሰው በመጀመሪያ የምትሰጠው እሷ ናት፤ በቀን አንድ ጊዜ፣ ከምግብ ጋርም ሆነ ያለ ምግብ። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ጾመኛ ለበዛበት አገር ቀላል ነገር አይደለም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ማታ ሊወስዳት ይችላል፤ ዋናው ሰዓቱን አለማዛባት ነው። አንድ ቀን የተረሳች እንደሆነ ትዝ ባለች ጊዜ ትዋጣለች። የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን ሁለት ደርቦ መዋጥ የለም።

ሦስት መሆናቸው ለምን? ቫይረሱ ሲዲ ፎር የሚባሉት የነጭ ደም ሴሎች ውስጥ ከገባ በኋላ የራሱን የዘር መመሪያ ወደ ሰው የዘር መመሪያ ዓይነት ይገለብጣል። ቀጥሎ ግልባጩን ከሴሉ ዘረ መል ጋር ያጣብቃል፤ ከዚያ ወዲያ ሴሉ ራሱ ቫይረስ ያመርታል። ነገሩን በሸማኔ ብናየው፣ ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን ግልባጩ ሲሸመን እውነተኛ ክር መስለው ይገባሉ። ነገር ግን ቀጣዩን ክር የሚይዝ ጫፍ ስለሌላቸው ሽመናው እዚያው ይቆማል። ከእነሱ ያመለጠ ግልባጭ ቢኖር ደግሞ ዶሉተግራቪር መርፌውን ይዞ ከሴሉ ጨርቅ ጋር እንዳይሰፋ ያደርገዋል። ቫይረሱ በቀን በቢሊዮን ሲባዛ ብዙ ይሳሳታል፤ ከስህተቶቹም አንዳንዶቹ ከመድኃኒት ያስመልጡታል። በአንድ መድኃኒት ብቻ ሲታከም ማምለጫውን ቶሎ ያገኛል። ዚዶቩዲን ብቻውን ይሰጥ በነበረበት ከእ.ኤ.አ. 1987 በኋላ በነበሩት ዓመታት የታየው ይኸው ነው። ሦስቱን በአንድ ጊዜ ማምለጥ ግን እጅግ ይከብደዋል። የሦስትዮሽ ሕክምናው ኃይል በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1996 ነበር።

ያኔ እኛ ገና ሩቅ ነበርን። የኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን እ.ኤ.አ. በ1986 ተመዘገቡ፤ መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው ግን በጥር 1997 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ 19 ዓመት አለ። በነዚያ ዓመታት ስንት ቤት ተዘጋ! ነፃው ሕክምና ከመምጣቱ በፊት በክፍያ ይሸጥ የነበረበት አጭር ጊዜ ነበር፤ ለዚያ የደረሰው አቅም የነበረው ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ የአንድ ሰው የዓመት መድኃኒት ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ያወጣ ነበር። የሕንዱ ኩባንያ ሲፕላ እ.ኤ.አ. በ2001 በ350 ዶላር አቀርባለሁ ብሎ ገበያውን አናጋው። እ.ኤ.አ. በ2023 ዓለም አቀፉ የእርዳታ ድርጅት ግሎባል ፈንድ ቲ.ኤል.ዲን ለአንድ ሰው ለዓመት ከ45 ዶላር ባነሰ መግዛት ጀመረ።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት መድኃኒት ሕይወት አተረፈ፤ ሆኖም ዋጋ አስከፈለ። ስታቩዲን የሚባለው፣ ከላሚቩዲንና ከኔቪራፒን ጋር ተቀላቅሎ በሰፊው የተሰጠው፣ የጉንጭን ሥጋ ያሟሽሽ፣ እግርን እንደ እሳት ያቃጥል ነበር። ከሞት የተረፈው ሰው ፊቱ ይናገርበት ጀመር፤ በመድኃኒቱ ድኖ በመድኃኒቱ ተጋለጠ። የዓለም ጤና ድርጅት ስታቩዲን እንዲቀር ካሳሰበ በኋላ ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ኤፋቪረንዝ በአንድ እንክብል መጡ። በዶሉተግራቪር የተተካችው ያቺ ናት። ለውጡ ለሴቶች ትንሽ ዘግይቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 ከቦትስዋና የወጣ የመጀመሪያ ጥናት በጽንሱ ነርቭ ላይ ጉዳት ያመጣ ይሆናል የሚል ስጋት አስነሳ። ተጨማሪ መረጃ ሲሰበሰብ ስጋቱ ቀለለና በዓመቱ ድርጅቱ ለሁሉም ይሁን አለ። ለሴቶች ሌላም ትርፍ አለው፦ ኤፋቪረንዝ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውን የእርግዝና መከላከያ ያዳክም ነበር፤ ዶሉተግራቪር ይህን አያደርግም።

ዶሉተግራቪርም የራሱ አመል አለው። አንዳንዱን እንቅልፍ ይነሳል፤ ለዚህ መፍትሔው ወደ ጠዋት ማዛወር ነው። ክብደት ይጨምራል። በፊት ሰው ሲከሳ ይጠረጠር ነበር፤ አሁን መድኃኒቱን የሚወስደው እየወፈረ ጎረቤቱ «ተመቸው» ይላል። ሐኪሞች ግን የደም ስኳርን እንዲከታተሉ የሚመከሩት በዚሁ ምክንያት ነው። ስኳር ላለበትና ሜትፎርሚን ለሚወስድ ሰው ዶሉተግራቪር ሜትፎርሚኑን በደም ውስጥ ከፍ ስለሚያደርገው መጠኑ በቀን ከ1000 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ ይደረጋል። ቴኖፎቪር በበኩሉ ኩላሊትን ሊነካ ስለሚችል የኩላሊት ምርመራ ያስፈልገዋል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ በጨጓራ መድኃኒት ነው። አምቦና ጉደር ባሉበት በምዕራብ ሸዋም እንደ ሌላው አገር «ጨጓራ» ያላለ ሰው የለም፤ ከመድኃኒት ቤት የሚታኘክ ከረሜላ መሰል እንክብል ወይም ነጭ ሽሮፕ ገዝቶ ይጎነጫል። በውስጡ ያሉት ማግኒዚየምና አሉሚኒየም፣ እንዲሁም ካልሲየምና አይረን፣ ዶሉተግራቪርን አንጀት ውስጥ ይይዙትና ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጉታል። ሰውየው ሳያጓድል ይውጣል፤ ደሙ ውስጥ የሚደርሰው መድኃኒት ግን እጅግ ይቀንሳል። ሕጉ እንዲህ ነው፦ ዶሉተግራቪር የጨጓራው መድኃኒት ከመወሰዱ 2 ሰዓት አስቀድሞ ወይም ከተወሰደ ከ6 ሰዓት በኋላ ይዋጣል። ነፍሰ ጡር የምትወስደው የአይረን እንክብል ከምግብ ጋር ከሆነ ግን አብሮ መውሰድ ይቻላል። የአምቦ ሰው ሁሉን ነገር በአምቦ ውሃ ማወራረድ ይወዳል፤ ለዚህች እንክብል ተራ ውሃ ይበቃል።

ጉደር ላይ ሌላ ጥያቄ ይመጣል። ከተማዋ ስሟን ለቀይ የወይን ጠጅ ያበደረች ናት፤ ጠላውም አረቄውም በየቤቱ ነው። «ሲስተር፣ ዛሬ ብጠጣበት ይጣላል ወይ?» የሚል አይጠፋም። የነርሷ መልስ አጭር ነበር፤ «መድኃኒቱ አይጣላም፤ ስትጠጣ ግን መድኃኒቱን ትረሳዋለህ።» ጠያቂው ሁለተኛ አልጠየቀም፤ ወይ ገባው፣ ወይ ቀጠሮ ነበረበት።

ሽንኩርት ነጋዴዋ ከመድኃኒቱ ስም ይልቅ የምታውቀው ቁጥሯን ነው። «ቫይራል ሎዴ አይታይም» ትላለች በኩራት። ቫይራል ሎድ ማለት በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ያለ የቫይረስ ቅጂ ብዛት ነው። ሕክምና ከተጀመረ በ6ኛው ወር፣ ከዚያ በ12ኛው፣ ከዚያ በየዓመቱ ይለካል። ናሙናው ማሽን ወዳለበት ላቦራቶሪ መሄድ አለበት። በብዙ የአገሪቱ ክፍል ይህን የሚያመላልሰው ፖስታ ቤት መሆኑን የሚያውቅ ጥቂት ነው። እኛ ደብዳቤ መጻፍ ስናቆም ፖስታ ቤት ደማችንን መሸከም ጀመረ።

ቁጥሩ ከ1000 በላይ ሲሆን የመጀመሪያው ጥያቄ «መድኃኒቱ አቅቶት ነው ወይስ ሳይወሰድ ቀርቶ?» የሚለው ነው። ዶሉተግራቪር ለቫይረሱ በቀላሉ የማይበገር ስለሆነ ብዙውን ጊዜ መልሱ ሁለተኛው ነው። ሰውየው መንገድ ላይ ነበር፣ ታስሮ ነበር፣ በጸጥታ ችግር መንገድ ተዘግቶ ነበር፣ ወይም ሴትየዋ አዲስ ባል አግብታ ለመዋጥ ቦታ አጥታ ነበር። ስለዚህ መድኃኒት ከመቀየሩ በፊት የተጠናከረ ምክር ተሰጥቶ ከወራት በኋላ ምርመራው ይደገማል። ያኔም ካልወረደ ወደ ሁለተኛ ደረጃ መድኃኒት ይታለፋል። እዚያ ያሉት አታዛናቪርና ሎፒናቪር ናቸው፤ ሁለቱም ሪቶናቪር በሚባል ረዳት ይደገፋሉ። አታዛናቪር አንዳንዴ ዓይንን ቢጫ ያደርጋል፤ ሰው የጉበት በሽታ መስሎት ይደነግጣል፣ ብዙውን ጊዜ ግን ጉዳት የለውም። ሎፒናቪር በቀን ሁለት ጊዜ ይወሰዳል፣ ሆድም ያስቀምጣል። ለእነዚህም ያልተበገረ ቫይረስ ላለበት ዳሩናቪርን የያዘ ሦስተኛ ደረጃ አለ፤ ወደዚያ የሚደርሱት ጥቂት ናቸው።

«አይታይም» የሚለው ቃል በትዳር ውስጥ ያመጣው ለውጥ ከሁሉም ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። አንዱ ቫይረሱ ያለበት ሌላው የሌለበት ጥንዶችን ለዓመታት በተከታተሉ ጥናቶች፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ የታተመውን ፓርትነር 2ን ጨምሮ፣ ቫይረሱ የማይታይበት ሰው በግብረ ሥጋ ለባልደረባው ያስተላለፈበት አንድም አጋጣሚ አልተገኘም። አንድም! ይህን በየቤቱ የሚያውቅ ስንት ነው? ሐኪሞቻችንም ጮክ ብለው አይናገሩትም፤ ሕዝቡ ኮንዶም ይጥላል ብለው ይፈራሉ መሰለኝ። እውነትን በመደበቅ ጥንቃቄ አይመጣም። በጥንቃቄ መነገር ያለበት ሌላ ነው፦ ይህ ለግብረ ሥጋ ነው፤ በጡት ማጥባት ያለው ስጋት እጅግ ቢቀንስም ዜሮ አይባልም።

ለዚህም ነው የእናቶች ጉዳይ የራሱ መንገድ ያለው። ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ነፍሰ ጡር ሴት ቫይረሱ ከተገኘባት ሲዲ ፎሯ ምንም ይሁን ምን መድኃኒት ጀምራ ዕድሜ ልክ ትቀጥላለች። ሕፃኑ እንደተወለደ ለሳምንታት መከላከያ ሽሮፕ ይወስዳል፤ በ6ኛው ሳምንት ከተረከዙ የደም ጠብታ ወረቀት ላይ ተወስዶ ይመረመራል። እስከ 6 ወር ጡት ብቻ ይጠባል፤ ውሃም፣ ቅቤም፣ የላም ወተትም የለም። የአያቶች ቅቤ እዚህ ላይ ብዙ ነርሶችን ያታገለ ነው። የአያቶች ቅቤ እዚህ ላይ ብዙ ነርሶችን ያታገለ ነው።

ቫይረሱ ያለባቸው ልጆች የሚወስዱት ሎፒናቪር ሽሮፕ መራራ ነበር፤ ልጅ ይተፋዋል፣ እናት ታለቅሳለች። አሁን 10 ሚሊ ግራም ዶሉተግራቪር እንጆሪ የሚጣፍጥ ሆኖ ውሃ ውስጥ ይሟሟል። ከአራት ሳምንት ዕድሜና ከ3 ኪሎ ጀምሮ ይሰጣል።

የሳንባ ነቀርሳ ሲጨመር ነገሩ ይጠነክራል፤ ቫይረሱ ያለበትን ሰው በብዛት የሚገድለው ቲቢ ነው። የቲቢው መድኃኒት ሪፋምፒሲን ዶሉተግራቪርን ጉበት ውስጥ በፍጥነት ስለሚያስወግደው፣ በሕክምናው ወራት ዶሉተግራቪር በቀን ሁለት ጊዜ ይሆናል። ከቲ.ኤል.ዲ. ከ12 ሰዓት በኋላ አንድ ተጨማሪ 50 ሚሊ ግራም ይዋጣል። ቲቢ ለሌለበት ደግሞ መከላከያ አለ፤ በሳምንት አንዴ ለ12 ሳምንት የሚወሰድ።

እምነት የገባበትን በጥንቃቄ መንካት ያስፈልጋል። በዚህ አገር መድኃኒት ማቆም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በጸበል ወይም በጸሎት ቤት «ድነሃል» በሚል ቃል ነው። በ1999 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ፣ ሁለቱም አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። ብዙ ፕሮቴስታንት በሚኖርበት ምዕራብ ሸዋም ፈውስን የሚሰብክ ሁሉ ይህን ጨምሮ ቢናገር ብዙ ነፍስ ይተርፋል። እንክብሏ ስትቆም ቫይረሱ ከተደበቀባቸው ሴሎች ወጥቶ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሳምንት ውስጥ እንደገና ይባዛል። ሰውየው ግን ለወራት ደህና ይሰማዋል፤ ያ ደህንነት ነው የሚያሳስተው።

ሽንኩርት ነጋዴዋ ጉደርን ትታ እስከ አምቦ መመላለስ የቻለችው ቀጠሮው ስለተራራቀም ነው። ከ2009 እና 2010 ዓ.ም. ወዲህ ሁኔታቸው የተረጋጋ ታካሚዎች የ6 ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ይወስዳሉ። በዓመት ሁለት ቀን ከገበያ መቅረት ነጋዴን አይጎዳም፤ በየወሩ ቢሆን ግን ጎረቤት መጠየቅ ይጀምር ነበር። ለገበሬም እንዲሁ ነው፤ በአዝመራ ወቅት ቀጠሮ የሚይዝለት ሐኪም ጠላቱ ነው።

ለመድኃኒቱ የደረሰ ሰው ውጤቱ መልካም መሆኑን ቁጥሮችም ይመሰክራሉ። እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2018 በኢትዮጵያ ከተሞች በተካሄደው ሰፊ የቤት ለቤት ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 64 ከሆኑት 3 በመቶው ቫይረሱ ተገኘባቸው። ከእነዚህ ሁኔታቸውን የሚያውቁት 79 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከሚያውቁት 97 በመቶው መድኃኒት ላይ ነበሩ፤ መድኃኒት ላይ ካሉትም 88 በመቶ ያህሉ ቫይረሱ ተገትቶላቸዋል። ትልቁ ቀዳዳ መድኃኒቱ ላይ አልነበረም፤ ገና ያልተመረመረው ሰው ጋ ነበር።

ቀዳዳው እንዳይሰፋ የሚያሰጋው ገንዘብ ነው። የፀረ ኤች.አይ.ቪ ሕክምናችን ከጅምሩ በአብዛኛው በአሜሪካው ፔፕፋርና በግሎባል ፈንድ ላይ የቆመ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታን ሲያግድ ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ የ5 ሺህ ያህል ባለሙያዎችን ውል ማቋረጡ ተዘግቧል። እንክብሏ ብትኖርም ከቀጠሮ የቀረውን በስልክ የሚፈልግ፣ መረጃ የሚመዘግብ፣ ቁጥሩ የጨመረበትን ቁጭ አድርጎ የሚያናግር ሰው ከሌለ ሕክምናው ግማሽ ነው።

በዚህ መካከል ወጣቶቹ ስለ መርፌው መጠየቅ ጀምረዋል። ሌናካፓቪር የሚባለው በዓመት ሁለት ጊዜ የሚወጋ መርፌ ስሙ ደምቆ የተነሳው በመከላከል ነው፤ በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ በተደረገ ጥናት መርፌውን ከወሰዱ 2134 ወጣት ሴቶች አንዷም አልተያዘችም። ለሕክምና ደግሞ ሌላ ጥንድ አለ፤ ካቦተግራቪርና ሪልፒቪሪን በየሁለት ወሩ የሚወጉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 ቫይረሱ የተገታላቸው አዋቂዎች ከእንክብል ወደዚህ ሊዛወሩ እንደሚችሉ መክሯል። የሚንቃጨል ብልቃጥ ለሰለቸው ሰው ይህ ትልቅ ወሬ ነው።

ለሁሉም ግን አይሆንም። ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው አይወስደውም፤ ምክንያቱም ነጯ እንክብል ውስጥ ያሉት ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን ያንንም ቫይረስ ይዘው የሚያቆዩ ናቸው፤ ሲቆሙ ጉበቱ ሊቀጣጠል ይችላል። ሪልፒቪሪን ደግሞ የኔቪራፒንና የኤፋቪረንዝ ዘመድ ነው። እነዚያን ለዓመታት እያቆራረጠ የወሰደ ሰው ቫይረሱ ከሪልፒቪሪን ማምለጥን ቀድሞ ተምሮ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዛሬ የሚዋጠው ብቻ አይበቃም፤ በ1999 ወይም በ2004 ዓ.ም. የተዋጠውም ይቆጠራል። ከጉደር ወደ አምቦ፣ ከአምቦ ወደ ጉደር፣ ወይም ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ የሚዛወር ታካሚ የዝውውር ወረቀቱን ሲቀበል ቀድሞ የወሰዳቸው መድኃኒቶች ሁሉ ከነዓመታቸው፣ የመጨረሻው የቫይራል ሎድ ቁጥሩና የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ውጤቱ እንዲጻፉለት መጠየቅ መብቱ ነው። የሄፓታይተሱ ምርመራ ያልተደረገ እንደሆነም ጥያቄውን እዚያው መስኮት ላይ ማንሳት ይችላል።